በፓይተን ግራፍ ለመሥራት የትኛው ይሻላል? ማትፕሎትሊብ፣ ሲቦርን፣ ፕሎትሊና አልቴር ሲነጻጸሩ

ከገላን እስከ ዱከም ባሉት ፋብሪካዎችም ሆነ በሰበታና በለገጣፎ በሚገኙ ድርጅቶች ውስጥ የምርትና የመብራት ፍጆታ መረጃን ፓይተን በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አጠናቅሮ ለኃላፊ የሚያቀርብ ባለሙያ፣ ግራፍ መሥሪያ ሲመርጥ ከሁሉ በፊት ሦስት ነገሮችን ቢያጣራ ይጠቀማል፤ እነዚህም የአማርኛ ፊደል በትክክል መታየቱ፣ የኢትዮጵያ የዘመን አቆጣጠር መሥራቱና ውጤቱ ያለ ኢንተርኔት መከፈቱ ናቸው። ከዚህ በታች የተነሱት አራቱም የፓይተን ግራፍ መሥሪያዎች በነፃ ስለሚገኙ ዋጋ መለያ አይሆንም።

ማትፕሎትሊብ በጆን ሀንተር ተጀምሮ በ2003 እ.ኤ.አ. ለተጠቃሚዎች የቀረበ ሲሆን፣ ግራፉን በምስል ወይም በፒዲኤፍ የሚያስቀምጠው በራሱ በኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ በመሆኑም ኔትወርክ በጠፋበት ሰዓት እንኳ ሥራ አይቆምም። ችግሩ አብሮት የሚመጣው ደጃቩ ሳንስ የተባለው ፎንት የግዕዝ ፊደል የሌለው መሆኑ ነው። «የሐምሌ ወር ምርት» የሚል ርዕስ የተሰጠው ግራፍ፣ ፊደላቱ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነው ይወጣል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የግዕዝ ፊደል ያላቸውን ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም ኒያላን ኮምፒውተሩ ላይ ጭኖ በፎንት ቅንብሩ ውስጥ ስሙን መጻፍ ይበቃል። ከ2022 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ስሪቶች ደግሞ ሁለት ፎንቶችን በተርታ መስጠት ስለሚቻል፣ ከመጀመሪያው የጎደለው ፊደል ከሁለተኛው ይወሰዳል።

ሲቦርን በማትፕሎትሊብ ላይ የተገነባ በመሆኑ የፎንቱም ጉዳይ ያው ነው። በጥቂት መስመር ያማረ ስታቲስቲካዊ ግራፍ ይሰጣል፤ ነገር ግን ገጽታውን የሚያስተካክለው ትእዛዝ ቀድሞ የተመረጠውን ፎንት ስለሚሽር፣ ፎንቱን ከዚያ ትእዛዝ በኋላ መጻፍ ያስፈልጋል።

ፕሎትሊ የሚሠራው በብራውዘር ስለሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ብዙ አያስቸግረውም፤ ብራውዘሩ ራሱ ተስማሚውን ፎንት ፈልጎ ያሳያል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምወድለት የኢትዮጵያን ዘመን አቆጣጠር ማወቁን ነው። የፓይተን መደበኛ የቀን ዓይነት 13ኛ ወር ስለማያውቅ ጳጉሜን ለመያዝ አይችልም፤ ፕሎትሊ ግን የዳታውም የአግድም መስመሩም አቆጣጠር የኢትዮጵያ መሆኑ ከተነገረው፣ በጽሑፍ መልክ የተሰጠውን «2016-13-05» ጳጉሜ 5 ብሎ ተቀብሎ በቦታው ያስቀምጠዋል። በማትፕሎትሊብ ይህን ለማድረግ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ ለውጦ የወራቱን ስም በእጅ መጻፍ ግድ ይላል።

የፕሎትሊ ሸክም በፋይሉ ላይ ነው። ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ተደርጎ የተቀመጠ አንድ ግራፍ፣ ዳታው ጥቂት ቢሆንም ከ3 ሜጋባይት በላይ ይመዝናል፤ ቀለል ያለው አማራጭ ደግሞ በተከፈተ ቁጥር ኢንተርኔት ይጠይቃል። ወደ ምስል ለመቀየርም ካሌይዶ የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ የካሌይዶ አዲሱ ስሪት ደግሞ ክሮም ብራውዘር እንዲኖር ይፈልጋል።

አልቴር አጻጻፉ ንጹሕ ነው፤ ሆኖም ቅንብሩ ካልተለወጠ ከ5,000 በላይ ረድፍ ያለውን ሰንጠረዥ አይቀበልም፤ በየደቂቃው የሚመዘገብ የቆጣሪ ንባብ በአራት ቀን ውስጥ ከዚህ ያልፋል።

ስለዚህ ሪፖርቱ የሚታተም ወይም በቴሌግራም በምስል የሚላክ ከሆነ ማትፕሎትሊብን፣ ኃላፊው በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ በኢትዮጵያ ቀን እየተከታተለ የሚመረምረው ከሆነ ፕሎትሊን ይምረጡ። ሁለቱንም መጫን የሚቻል ቢሆንም፣ የማትፕሎትሊብ እውቀት ለሲቦርንም ስለሚያገለግል ለጀማሪ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው እርሱ ነው።