ዊንዶውስ 11፣ ሊኑክስ ሚንት ወይስ ማክ? በደሴና በኮምቦልቻ ያገለገለ ላፕቶፕ ለሚገዛ ሰው የቀረበ ንጽጽር

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ያገለገለ ላፕቶፕ ሊገዛ ወደ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚነገረው ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5 መሆኑ፣ የራሙ መጠንና የኤስኤስዲው (የፈጣን ማከማቻው) ስፋት ነው። እነዚህን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሆኖም ገዢው ከዓመት በኋላ በዕቃው መደሰቱን ወይም መቆጨቱን የሚወስኑት ሌሎች ሁለት ጥያቄዎች ናቸው። ሥራዬ ያለ የትኛው ሶፍትዌር አይሄድም? ያ ሶፍትዌር የሚሠራበትን ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰውን ዋና ፕሮግራም) ይህ ላፕቶፕ ዛሬም ነገም መሸከም ይችላል? በዚህ ጽሑፍ ዊንዶውስ 11ን፣ ሊኑክስ ሚንትንና ማክን የማነጻጽረው በእነዚህ ጥያቄዎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሲጫንና ሲበላሽ ምን እንደሚያጋጥም፣ መፍትሔውም ምን እንደሆነ አብሬ አስቀምጣለሁ።

በገበያው ላይ የሚበዛው ዊንዶውስ ስለሆነ ከእሱ ልጀምር። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስለዚህ ዊንዶውስ 10 ተጭኖበት የሚሸጥ ላፕቶፕ ዋጋው መመዘን ያለበት ዊንዶውስ 11ን ሊቀበል በመቻሉ ወይም ባለመቻሉ ነው። ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፣ ሴኪዩር ቡት እና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍል ይጠይቃል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም፣ ከጥቂቶች በስተቀር፣ ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ትውልዱ የሚታወቀው አይ 3፣ አይ 5 ወይም አይ 7 ከሚለው ቀጥሎ በተጻፈው ቁጥር ነው፤ 7200 የሚል ከሆነ 7ኛ ትውልድ፣ 8250 የሚል ከሆነ 8ኛ፣ 1135 የሚል ከሆነ ደግሞ 11ኛ ትውልድ ነው። የ7ኛና የ8ኛ ትውልድ ላፕቶፖች በመልክ እጅግ ስለሚመሳሰሉ ቁጥሩን በዓይን ሳያዩ ክፍያ መፈጸም አይገባም።

አንዳንድ ባለሙያዎች ሩፈስ በተባለው ፕሮግራም ይህን ገደብ አልፈው ዊንዶውስ 11ን በ6ኛ ወይም በ7ኛ ትውልድ ላይ ይጭናሉ። ሥራው ይሠራል፤ ነገር ግን ማይክሮሶፍት እንዲህ ላለው ማሽን ማሻሻያ እንደሚደርሰው ዋስትና አይሰጥም። በመሆኑም ላፕቶፑ ሲበራ ዊንዶውስ 11 መታየቱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የራሙንም ጉዳይ በተመለከተ 4 ጊጋባይት በወረቀት ላይ ይበቃል ቢባልም፣ ብሮውዘርና ኤክሴል አንድ ላይ ሲከፈቱ መጎተት ስለሚጀምር ለዊንዶውስ 11 ከ8 ጊጋባይት በታች መግዛትን አልመክርም።

ዊንዶውስን የማይተካ የሚያደርገው የሶፍትዌሩ ብዛት ነው። በከተሞቻችን በርካታ የሂሳብ ሠራተኞች የሚገለገሉበት ፒችትሪ የተሠራው ለዊንዶውስ ነው፤ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም እንደዚሁ። በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ምሕንድስና የሚያጠና ተማሪ የሚያስፈልገው አውቶካድ ለዊንዶውስና ለማክ ይገኛል፣ ለሊኑክስ ግን የለም። ከእነዚህ አንዱ የዕለት እንጀራው የሆነ ሰው ሌላውን አማራጭ ሁሉ ትቶ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ማሽን ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሲጫን የሚያጋጥሙት ችግሮች ጥቂትና የታወቁ ናቸው። በ11ኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ በወጡ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የመጫኛው ፕሮግራም ዲስክ አላገኘሁም ሊል ይችላል። ይህ ሲሆን ኤስኤስዲው ተበላሽቷል ብሎ ወደ መቀየር ከመሄድ በፊት፣ የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን (ሲስተሙ ዲስኩን እንዲያውቀው የሚያደርገውን ፕሮግራም) ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርዶ በመጫኛው ፍላሽ ላይ ማስቀመጥና «ሎድ ድራይቨር» በሚለው በኩል ማስገባት ነው። ሌላው ችግር ዊንዶውስ 11 ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት መጠየቁ ነው፤ ዋይፋዩ ገና ካልታወቀ ስልክን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ የስልኩን ዳታ ማጋራት አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይሠራል።

እዚህ ላይ ገዢዎች ብዙም ልብ የማይሉትን አንድ ነገር አጥብቄ ላንሳ። ዊንዶውስ 11 በማይክሮሶፍት አካውንት ሲከፈት ዲስኩን በራሱ ሊቆልፍ ይችላል፤ 48 አኃዝ ያለው የመክፈቻ ቁልፍም በዚያው አካውንት ውስጥ ይቀመጣል። ጫኚው ለማፍጠን ሲል በራሱ አካውንት ከከፈተው ቁልፉ ያለው እሱ ዘንድ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን የባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው መሠረታዊ ፕሮግራም) ማስተካከያ ተቀይሮ ወይም ማዘርቦርዱ ተጠግኖ ላፕቶፑ ቁልፉን ሲጠይቅ፣ ባለቤቱ የራሱን ፋይል መክፈት ይሳነዋል። ስለዚህ ገዢው በራሱ አካውንት ማስከፈትና ቁልፉን ጽፎ ማስቀመጥ ይኖርበታል። ዊንዶውስን ያለ ክፍያ «አክቲቬት» እናደርጋለን ከሚሉ ፕሮግራሞችም መራቅ ይገባል፤ አንቲቫይረስን አጥፍተው እንዲጫኑ የሚጠይቁት እነዚህ ፕሮግራሞች ራሳቸው ቫይረስ የሚገባባቸው በር ናቸው።

ሊኑክስ ሚንት የሚነጻጸረው በዚህ ሁሉ ፊት ነው። ነጻ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ነው፣ አካውንት አይጠይቅም፣ ትውልድ አይመርጥም፤ በ2 ጊጋባይት ራም ይነሣል፣ በ4 ጊጋባይት ደግሞ በምቾት ይሠራል። ሚንት 22 እስከ 2021 ዓ.ም. ድረስ ማሻሻያ ያገኛል። ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው የ4ኛ፣ የ5ኛ እና የ6ኛ ትውልድ ላፕቶፖች በቅናሽ ስለሚገኙ፣ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔት፣ ለቴሌግራምና ፕሮግራሚንግ ለመማር የሚፈልግ ሰው ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ፣ በተረፈው ገንዘብ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቢያስቀይር አዲስ የገዛ ያህል ይፈጥንለታል። በአንድ ዓይነት ዕድሜ ላይ ካሉ ሁለት አሮጌ ማሽኖች በሚንት የሚሠራው በይፋ የተደገፈ ሲሆን በዊንዶውስ 10 የቀረው ግን መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል፤ በእኔ ሚዛን ይህ ብቻውን ለቤተሰብ ኮምፒውተር ሚንትን ያስመርጣል።

በተጨማሪም ሚንት ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ተነሥቶ ይሠራል። ይህ ዊንዶውስ ለሚገዛ ሰው እንኳ ትልቅ ጥቅም አለው። ሚንት የተጫነበት ፍላሽ ይዞ ወደ ሱቅ የሄደ ገዢ፣ በኤችፒ ላይ ኤፍ 9ን፣ በዴልና በሌኖቮ ላይ ኤፍ 12ን ተጭኖ ከፍላሹ ያስነሣና ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውንና እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ገንዘብ ሳይከፍል ይፈትሻል። ባዮሱ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ደግሞ ላፕቶፑ ቀድሞ የድርጅት ንብረት የነበረና ቁልፉ ያልተነሣለት ሊሆን ስለሚችል፣ ሻጩ እዚያው እስኪያስነሣው ድረስ አለመግዛት ነው።

ችግሮቹም አሉ። ብሮድኮም ዋይፋይ ያላቸው ላፕቶፖች ሚንት እንደተጫነ ኔትወርክ ላያሳዩ ይችላሉ፤ መፍትሔው ስልክን በዩኤስቢ አገናኝቶ «ድራይቨር ማኔጀር» የተባለውን ከፍቶ የሚያቀርበውን ድራይቨር መቀበል ነው። ፕሪንተርን በተመለከተ የኤችፒ ፕሪንተሮች በአብዛኛው ወዲያው ይሠራሉ፤ እንደ ካኖን ኤልቢፒ 2900 ያሉት ግን የራሳቸው የተለየ ድራይቨር ስለሚፈልጉ ያስቸግራሉ። ከሚንት ጋር የሚመጣው የቢሮ ፕሮግራም ሊብሬኦፊስ የዎርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፤ ነገር ግን ሠንጠረዥና ራስጌ የበዛበት ደብዳቤ ከቦታው ሊንሸራተት ስለሚችል፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሰነድ ሲያትም ለሚውል የፎቶ ኮፒ ቤት ሚንትን አልመክርም። ሚንትንና ዊንዶውስን ጎን ለጎን በአንድ ላፕቶፕ ላይ የጫነ ሰው ደግሞ የዊንዶውሱ ሰዓት በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ሲቀር ያያል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ መለኪያ ሲያስቀምጥ ዊንዶውስ ያንኑ እንደ አካባቢ ሰዓት ስለሚያነበው፣ አገራችንም ከመለኪያው በሦስት ሰዓት ስለምትቀድም የሚመጣ ልዩነት ነው። በሚንት በኩል ሰዓቱን በአካባቢው አቆጣጠር እንዲይዝ ማዘዝ ይፈታዋል።

ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚተላለፈው ቫይረስ ልዩነታቸውን በግልጽ ያሳያል። ፎልደሮችን ደብቆ በቦታቸው ሾርትከት የሚያስቀምጠው ቫይረስ ዊንዶውስን የሚያጠቃ ሲሆን፣ ባለቤቱ ፋይሎቹ ጠፉ ብሎ ፍላሹን ፎርማት ሲያደርገው ያን ጊዜ በእርግጥ ይጠፋሉ። ፋይሎቹ ያሉት በቦታቸው ነው። በዊንዶውስ የፎልደር አማራጮችን ከፍቶ የተደበቁ ፋይሎችም፣ የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችም እንዲታዩ በማድረግ ሰነዶቹን ወደ ኮምፒውተሩ ቀድቶ ማዳን ይቻላል፤ ሾርትከቶቹን ግን መንካት አይገባም። በሚንት የተከፈተ እንደሆነ የተደበቁት ፎልደሮች ያለ ምንም ትእዛዝ ይታያሉ፣ ቫይረሱም አይነሣም። ስለዚህ ዊንዶውስ የሚጠቀም የፎቶ ኮፒ ቤትም ቢሆን የደንበኛ ፍላሽ የሚከፍትበት አንድ አሮጌ ሚንት ቢኖረው ብዙ ጣጣ ይቀርለታል።

አማርኛ መጻፍን በተመለከተ ልዩነቱ ከሚገመተው ያነሰ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ የአማርኛ ኪቦርድ አብሮት ይመጣል፤ ኪማን የተባለው ነጻ ፕሮግራም ደግሞ በዊንዶውስ፣ በሊኑክስና በማክ እንዲሁም በስልክ ላይ ስለሚሠራ፣ አንድ ጊዜ የለመዱትን አጻጻፍ በሁሉም ላይ ይዞ መሄድ ይቻላል። አሮጌ ሰነድ ሲከፈት የሚያስቸግረው ነገር ግን ሁለት ዓይነት ነው። በፊደሉ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ከታዩ የጎደለው ፎንት ስለሆነ፣ አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን መጫን በቂ ነው። የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ተደበላልቀው ከታዩ ግን ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ (የፊደላት ዓለም አቀፍ ኮድ) በፊት በነበረው የፎንት አሠራር ነው፤ ያንኑ ፎንት አግኝቶ መጫን ወይም ወደ ዩኒኮድ ማስቀየር ያስፈልጋል። የመሥሪያ ቤት አሮጌ መዛግብት ያሉት ሰው ላፕቶፕ ከመግዛቱ በፊት ከእነዚህ ፋይሎች አንዱን በፍላሽ ይዞ ሄዶ ቢሞክር መልካም ነው።

ማክን በአጭሩ እጨርሳለሁ፤ ለጥቂቶች የሚሆን ነውና። አፕል በራሱ ኤም 1 ቺፕ የተሠሩትን ማኮች ያወጣው በኅዳር 2013 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የኢንቴል ማኮች የድጋፍ ዘመናቸው እያለቀ ነው። ስለዚህ ማክ የሚገዛ ሰው ከኤም 1 በታች ባይወርድ ይሻላል። ለቪዲዮና ለፎቶ ሥራ ፍጥነቱና የባትሪው ቆይታ ግሩም ነው፤ ሆኖም ራሙም ማከማቻውም ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ በኋላ መጨመር አይቻልም፤ በዊንዶውስ ፎርማት በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀ ሃርድ ዲስክም ይነበባል እንጂ አይጻፍበትም፤ ኤክስፋት የተባለው ፎርማት ግን ለሦስቱም ይስማማል። ከሁሉ በላይ ሻጩ የቀድሞውን የአፕል አካውንት ፊት ለፊት ማውጣቱን ማረጋገጥ ግድ ነው፤ አካውንቱ ካልወጣ ላፕቶፑ ተጠርጎ ሲነሣ ይቆለፋል፣ ጠጋኝም ሊከፍተው አይችልም።

የመብራት መጥፋትና የዳታ ወጪ በምርጫው ውስጥ ይገባሉ። የሚንት መጫኛ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፤ ሊብሬኦፊስና ፋየርፎክስም በውስጡ ስላሉ እንደተጫነ ሥራ ይጀመርበታል። የዊንዶውስ 11 መጫኛ ከ5 ጊጋባይት በላይ ሆኖ ማይክሮሶፍት ኦፊስን ለብቻው ማውረድ ይጠይቃል። ዊንዶውስ ማሻሻያውን በራሱ ስለሚያወርድ በስልክ ዳታ የሚጠቀም ሰው ግንኙነቱን «ሚተርድ» (የተገደበ ዳታ) በሚለው መመዝገብ ይኖርበታል፤ ሚንት ግን ባለቤቱ ካላዘዘው አያወርድም። ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ደግሞ ማሻሻያ ሲጭን መብራት ቢጠፋ ሲስተሙ ሊጎዳ ስለሚችል፣ ሲስተሙን ወደ ቀድሞ ሁኔታው የሚመልሱትን፣ በዊንዶውስ «ሲስተም ሪስቶር»ን፣ በሚንት «ታይምሺፍት»ን ቀድሞ ማብራት ይገባል። በሞቃታማዋ ኮምቦልቻ ላፕቶፑ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚጎተት ከሆነ ሶፍትዌሩን ከመቀየር በፊት ማራገቢያውን ከአቧራ ማስጠረግ ያስፈልጋል፤ የሞቀ ፕሮሰሰር ራሱን ለመጠበቅ ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

እንግዲህ ለሂሳብ ሠራተኛ፣ ለፎቶ ኮፒ ቤትና ለምሕንድስና ተማሪ ዊንዶውስ 11፣ 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ፣ 8 ጊጋባይት ራም ይሁን። ለቤተሰብ፣ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪና ኮምፒውተር ሳይንስ ለሚያጠና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ገንዘቡ አነስ ካለ፣ አሮጌ ላፕቶፕ በኤስኤስዲና በሚንት። ኤም 1 ማክ ለቪዲዮ አቀናባሪ ይሁን፤ እሱም 8 ጊጋባይት ራም ያለውን ሳይሆን 16 ያለውን ቢፈልግ፣ በኋላ መጨመር ስለማይችል፣ የበለጠ ያዋጣዋል።