አንድ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለዊንዶውስ፣ ለማክ እና ለሊኑክስ፦ የትኛው ፎርማት ያዋጣል?

ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ለመግዛት ያሰበ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ቴራባይት እንደሚይዝ እና ዋጋው ስንት እንደሆነ ነው። ዲስኩ ከአንድ ኮምፒውተር የማይለይ ከሆነ ይኸው ይበቃል። ሥራ ቦታ ዊንዶውስ፣ ቤት ማክ ያለው ሰው ግን ሌላም ጥያቄ አለበት፤ ሊኑክስ ከሚጠቀም ባልደረባ ጋር ፋይል የሚለዋወጥም እንዲሁ። ዲስኩ በምን ፋይል ሲስተም (ፋይሎች ዲስኩ ላይ በሚደራጁበት ሥርዓት) ነው የተዘጋጀው፣ ማለትም ፎርማት የተደረገው? ደህናው ዲስክ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ «አልጽፍም» ወይም «አላውቅህም» የሚለው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ከዚያ በፊት ስለ ማሸጊያው አንድ ነገር። «ለማክ» ተብሎ የሚሸጠው ዲስክ ውስጡ ብዙውን ጊዜ ከመደበኛው ጋር አንድ ነው። የሚለየው ከፋብሪካ ሲወጣ በማክ ፎርማት መዘጋጀቱ ነው፤ አንዳንዴ ኬብሉም ይለያል። ፎርማት መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ስለሆነ ለጽሑፉ ሲባል ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ። ይልቅ ኬብሉን እዩ፦ ላፕቶፓችሁ ዩኤስቢ ሲ ፖርት ብቻ ካለው እና የዲስኩ ኬብል ሰፊው ዩኤስቢ ኤ ከሆነ አስማሚ ያስፈልጋችኋል።

ኤንቲኤፍኤስ

ለዊንዶውስ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም። ከ1993 ጀምሮ ከዊንዶውስ ኤንቲ ጋር የመጣ ሲሆን ትልቁ ጥቅሙ ጆርናል የሚባለው ነገር ነው፦ በዲስኩ አደረጃጀት ላይ የሚያደርገውን ለውጥ አስቀድሞ ይመዘግባል። መሐል ላይ ኬብሉ ቢነቀል ወይም መብራት ቢጠፋ መዝገቡን አይቶ ራሱን ያስተካክላል። ሲገለበጥ የነበረው ፋይል ሊጎድል ይችላል፣ የቀረው ግን አብሮ አይፈርስም።

ችግሩ ማክ ላይ ነው። ማክ ኤንቲኤፍኤስን ያነባል፣ አይጽፍም። ፊልሙን ከዲስኩ ላይ ታያላችሁ፣ ሰነዱን ወደ ማኩ ትገለብጣላችሁ፤ አርማችሁ መልሳችሁ ዲስኩ ላይ ልታስቀምጡ ስትሉ ግን እምቢ ይላችኋል። ለዚህ የሚሸጡ ፕሮግራሞች አሉ፣ ፓራጎን እና ታክሴራ የታወቁት ናቸው። በደንብ ይሠራሉ፤ ነገር ግን ማኩ አዲስ የስርዓት ዝማኔ ባገኘ ቁጥር ፕሮግራሙም መከተል አለበት። ፎርማቱን መቀየር ለማይችል ሰው (ለምሳሌ ዲስኩ የመሥሪያ ቤት ከሆነ) ተገቢ መፍትሔ ነው። ዲስኩ የራሱ ለሆነ ሰው ግን በነፃ የሚያገኘውን በገንዘብ እንደመግዛት ነው።

ሊኑክስ ኤንቲኤፍኤስን ካስተናገደ ቆይቷል፤ ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ከርነል (የሊኑክስ እምብርት) 5.15 ላይ የራሱ ድራይቨር (ዲስኩን የሚያነብ እና የሚጽፍ ፕሮግራም) ገብቶለታል። አንድ ወጥመድ ግን አለ። ዊንዶውስ ፋስት ስታርትአፕ የሚባል ነገር አለው፤ «ሸት ዳውን» ስትሉት ሙሉ በሙሉ ከመዘጋት ይልቅ ከፊሉ እንደተኛ ይቀራል። ዲስኩ እንደተሰካ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ፣ ነቅላችሁ ሊኑክስ ላይ ብትሰኩት ለማንበብ ብቻ ሊከፍተው ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ዊንዶውሱን ከማጥፋታችሁ በፊት ዲስኩን ኢጀክት አድርጉ (በአግባቡ አውጡ)።

ኤክስፋት

ሦስቱም ጋር ማንበብ እና መጻፍ የሚችል ዲስክ ለሚፈልግ ሰው የመጀመሪያው መልስ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት በ2006 ያወጣው ለፍላሽ እና ለሚሞሪ ካርድ አስቦ ነው። ማክ ከ10.6.5 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2010 ወዲህ፣ ያለ ምንም ተጨማሪ ፕሮግራም ይጽፍበታል። ማይክሮሶፍት ዝርዝር አሠራሩን በ2019 ይፋ ካደረገ በኋላ ሊኑክስም በዚያው ዓመት በከርነል 5.4 አስገብቶታል። አሮጌ ሊኑክስ ላይ ግን ለብቻው የሚጫን ፓኬጅ ይጠይቃል። አይፓድም ከ2019 ጀምሮ እንዲህ ያለውን ዲስክ ይከፍታል፣ ለዲስኩ የሚበቃ ኃይል ካገኘ።

ስለዚህ ብዙ ሰው «ኤክስፋት አድርገው» ብሎ ይመክራል፣ ነገሩንም እዚያው ይዘጋዋል። እኔ ግን እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ጉዳቱ የሚታየው ዲስኩ በፋይል ከተሞላ በኋላ ነው።

አንደኛ፣ ጆርናል የለውም። እየጻፈ ሳለ ቢነቀል የተጀመረው ፋይል ብቻ ሳይሆን ሙሉ ፎልደር ሊናጋ ይችላል። በአግባቡ ሳይወጣ የተነቀለ የኤክስፋት ዲስክ ማክ ላይ መልሳችሁ ስትሰኩት ለደቂቃዎች፣ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ፣ ጭራሽ የማይታይበት ጊዜ አለ። ሰው ሞተ ብሎ ይነቅለዋል፤ ማኩ ግን ከበስተጀርባ ዲስኩን እየመረመረ ነው። የዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እያለ ከሆነ ተዉት፣ ይጨርስ።

ሁለተኛ፣ ትንንሽ ፋይል ላይ ያባክናል። ዊንዶውስ ከ32 ጊጋባይት በላይ የሆነን ዲስክ ኤክስፋት ሲያደርገው፣ ካልቀየራችሁት በቀር፣ ቦታውን የሚያድለው በ128 ኪሎባይት ቁራጭ ነው። አንድ ኪሎባይት የማትሞላ የጽሑፍ ፋይልም 128 ኪሎባይት ትይዛለች። መቶ ሺህ እንዲህ ያሉ ፋይሎች ያሉት የፕሮግራመር ፎልደር ራሱ 100 ሜጋባይት የማይሞላ ሆኖ ዲስኩ ላይ ከ12 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ቪዲዮ እና ፎቶ ለሚያመላልስ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ኮድ ለሚጽፍ ሰው ግን ነው፤ በዚያ ላይ ኤክስፋት የሊኑክስን እና የማክን የፋይል ፈቃድ አይመዘግብም። ማን ማንበብ፣ ማን ማስኬድ እንደሚችል የሚለው መረጃ ሲገለበጥ ይጠፋል።

ሌላው ጉዳት ሳይሆን ግርታ ነው። ማክ የነካው የኤክስፋት ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲከፈት ስማቸው በነጥብ እና በታች ሰረዝ (._) የሚጀምር ትንንሽ ፋይሎች ሊታዩ ይችላሉ። ቫይረስ አይደሉም። ማክ ስለ እያንዳንዱ ፋይል የያዘው ተጨማሪ መረጃ ነው።

ፋት32

በ1996 የመጣ ሽማግሌ ነው። የማያውቀው መሣሪያ የለም ማለት ይቻላል፤ የቆየ ቴሌቪዥን እና የመኪና ሬድዮ ሳይቀር ያነበዋል። ግን አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ካለፈ አይቀበልም፤ ዲስኩ ላይ 900 ጊጋባይት ባዶ ቦታ እያለ «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» ይላችኋል። ለፍላሽ ይሁን። ለሃርድ ዲስክ አልመክርም።

የማክ እና የሊኑክስ የየራሳቸው

ማክ ሁለት አለው። አሮጌው ኤችኤፍኤስ ፕላስ የ1998 ሲሆን አዲሱ ኤፒኤፍኤስ ማክ ላይ በ2017 ከሃይ ሲየራ (የማክ ስርዓት ስሪት) ጋር የመጣ ነው። ኤፒኤፍኤስ ለኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል ለሌለው ዲስክ) የተሠራ ስለሆነ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ ሲቆይ ይዘገያል። ለአሮጌ ማክም ጭምር የሚሆን የሚሽከረከር ዲስክ ከፈለጋችሁ ኤችኤፍኤስ ፕላስ አሁንም አይናቅም። ለታይም ማሽን (የማኩ የራሱ የባክአፕ ፕሮግራም) ግን ምርጫው የእናንተ አይደለም፦ ከ2020ው ቢግ ሰር ጀምሮ አዲስ ዲስክ ስትሰጡት ራሱ ኤፒኤፍኤስ ያደርገዋል። ኤክስፋትን እና ኤንቲኤፍኤስን እንዳሉ አይቀበልም። ዊንዶውስ ከሁለቱ የማክ ፎርማቶች አንዱንም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይከፍትም።

የሊኑክሱ ኢኤክስቲ4 ከ2008 ጀምሮ ያለ ጠንካራ ፎርማት ነው፣ ጆርናልም አለው። ከሊኑክስ ውጪ ግን ብቸኛ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ በሊኑክስ ሰብሲስተም (ዊንዶውስ ውስጥ ሊኑክስን በሚያስኬድ ክፍል) በኩል መክፈት ይቻላል፤ ትእዛዝ መጻፍ የማይሰለቸው ሰው ይሞክረው።

«ፎርማት ላድርገው?» ሲላችሁ

ዊንዶውስ የማያውቀውን ዲስክ ስትሰኩበት «ከመጠቀማችሁ በፊት ፎርማት ማድረግ አለባችሁ» የሚል መልእክት ሊያወጣ ይችላል። ማክም «ይህ ዲስክ አይነበብም» ብሎ አማራጮች ያቀርባል፤ ከመካከላቸው «ኢኒሻላይዝ» የሚለው ዲስኩን ወደ ማጥፋት የሚወስድ ነው። ሁለቱም ዲስኩ ባዶ ነው ማለታቸው አይደለም፤ ቋንቋውን አላወቅነውም ማለታቸው ነው። ሰርዙት፣ ነቅላችሁ መጀመሪያ የተጻፈበት ኮምፒውተር ላይ ሰክታችሁ እዩት።

እንግዲህ ማን ምን ይግዛ?

ዊንዶውስ ብቻ ያለው፣ ወይም ዊንዶውስ እና ሊኑክስ የሚያፈራርቅ፣ ኤንቲኤፍኤስ ይያዝ። ማክ ብቻ ያለው የማኩን። ሦስቱን የሚያዳርስ፣ በተለይ ትልልቅ ቪዲዮ የሚያመላልስ፣ ኤክስፋት ያድርግ፤ ነገር ግን ያ ዲስክ የፋይሉ ብቸኛ መኖሪያ አይሁን። የእኔ ምርጫ ባለ 4 ቴራባይት አንድ ዲስክ ከመግዛት ሁለት ባለ 2 ቴራባይት መግዛት ነው፦ አንዱ ኤክስፋት ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ይዞራል፣ ሌላው በዋናው ኮምፒውተር ፎርማት ሆኖ ባክአፕ ይዞ ቤት ይቀመጣል።

አንዱን ዲስክ በሁለት ፓርቲሽን ከፍሎ ግማሹን ኤክስፋት፣ ግማሹን የማክ ማድረግም ይቻላል። ብዙም አልወደውም፤ ዲስኩ ወድቆ ከተሰበረ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ያንን ዲስክ ዊንዶውስ ላይ በሰካችሁት ቁጥር የማኩን ክፍል ፎርማት ላድርገው ሊላችሁ ይችላል።

ዲስኩን በይለፍ ቃል መቆለፍ የሚፈልግም ይህን አስቀድሞ ያስብበት። የዊንዶውሱ መቆለፊያ ቢትሎከር ማክ ላይ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም አይከፈትም፣ ማክ የቆለፈውም ዊንዶውስ ላይ እንዲሁ። ለሦስቱም የሚሆነው ነፃው ቬራክሪፕት ነው፤ እሱም ቢሆን በየኮምፒውተሩ መጫን አለበት።

ፎርማት መቀየር ዲስኩ ላይ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ውሳኔው ዲስኩ ገና ባዶ ሳለ ቢሆን ይመረጣል። ማክ ላይ ስትሠሩት ዲስክ ዩቲሊቲ ውስጥ መጀመሪያ «ሾው ኦል ዲቫይስስ» በሉ፣ ላይኛውን የዲስኩን ስም ምረጡ፣ ስኪሙንም (የዲስኩን አከፋፈል) «ጂዩአይዲ ፓርቲሽን ማፕ» አድርጉት። ዊንዶውስ ላይ ከሆነ ጂፒቲ የሚባለው ይኸው ነው፤ አሮጌው ኤምቢአር ከተመረጠ ከ2 ቴራባይት በላይ ያለው ቦታ ሳትጠቀሙበት ይቀራል።