«የቤት ውስጥ የአዝማሪ ምሽት» ትኬት ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ

ጎንደር ውስጥ «የቤት ውስጥ የባህል ሙዚቃ ምሽት» እየተባለ በቴሌግራም ትኬት የሚቀርብላችሁ ወገኖቼ፣ ገንዘቡን ከመላካችሁ በፊት ጥቂት ታገሡ። እኔና ባለቤቴ ባለፈው ቅዳሜ ሄደን አይተነዋል። የአዘጋጁን ስም አልጠራም፤ አሠራሩን ካወቃችሁት ስም ቢቀይርም ትለዩታላችሁ።

ማስታወቂያው የሚለው ሌላ ነው። ፒያሳ አካባቢ ባለ መኖሪያ ቤት፣ ለ30 ሰው ብቻ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ በራሳቸው የሚሠሩ አዝማሪዎች ይጫወታሉ ይላል። ዋጋው እራትና ጠጅን ጨምሮ ለአንድ ሰው 1,500 ብር ነው፤ ክፍያው ቀድሞ በቴሌብር ይፈጸማል። በዕለቱ ከቀትር በኋላ ግን «ቦታው ተቀይሯል» የሚል አጭር መልእክት ደረሰን። አዲሱ ቦታ አዘዞ ነው፤ ያውም የሠርግ አዳራሽ! የባጃጁ ሒሳብ የራሳችን ሆነ።

አዳራሹ ከዳር እስከ ዳር በላስቲክ ወንበር ተሞልቷል፤ መድረኩ ላይ ሰው የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎችና አንድ ኪቦርድ ቆመዋል። መሲንቆው ላይ ማይክሮፎን በፕላስተር ተለጥፏል። ጠጁ የመጣው በብርሌ ሳይሆን በላስቲክ ኩባያ ነው፤ እራቱን ባላነሣው ይሻላል።

«ድምፅ ማጉያ ቢኖርስ ምን አለበት?» የሚል አይጠፋም። አለበት እንጂ! መሲንቆ ማለት በቆዳ የተለበጠ ትንሽ ሣጥንና ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ነው፤ ድምፁ የሚበቃው ለአንድ ክፍል ነው። እንዲያ ሲጎላ የደጋኑ ፍትጊያ ዜማውን ይውጠዋል። ደግሞስ የአዝማሪ ጨዋታ ግማሹ ያለው በአድማጩ አፍ አይደለም? እናንተ ስንኝ ትሰጣላችሁ፣ እሱ ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል፤ ሰሙን ለተሰብሳቢው፣ ወርቁን ለሚገባው። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አባት «ተቀበል!» ብለው ደጋግመው ተጣሩ፤ ማን ሰምቷቸው? መጨረሻ ላይ ስንኛቸውን ለእኛ ነገሩን። ከምሽቱ ሁሉ የተሻለው እሱ ነበር።

ከሁሉም ያንገበገበኝ ግን የሽልማቱ ነገር ነው። ባለቤቴ 100 ብር አውጥታ አዝማሪዋ ግንባር ላይ ለጠፈች። ብሩ ገና ሳይወድቅ የአዘጋጁ ሰው መጥቶ አነሣውና የተቆለፈ ሣጥን ውስጥ ከተተው። ስንወጣ በር ላይ መሲንቆ መቺውን ጠየቅሁት። «የእኛ ክፍያ ቁርጥ ነው፤ ሣጥኑ አይመለከተንም» አለኝ። አዝማሪ ከሽልማቱ ከተነጠለ ምን ቀረው?

ገንዘባችን እንዲመለስ ስንጠይቅ «የተሸጠ ትኬት አይመለስም» ተባልን። ደረሰኝ የለም፤ ገንዘቡ የገባው በአንድ ግለሰብ ስልክ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ግን ሸማች ስለሚገዛው አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ስለዚህ የማን ቤት እንደሆነ፣ ስንት ሰው እንደሚገባና ሽልማቱ ለማን እንደሚደርስ አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ ብራችሁን ያዙ። በበኩሌ ላሊበሎች ሌሊት ደጃፉ ላይ ሲያዜሙ እየሰማ ያደገ የጎንደር ልጅ ለዚህ ትኬት መግዛቱ ራሱ ይገርመኛል። የአዝማሪዎች መንደር የሆነችው ቡርቧክስ እዚሁ አጠገባችን ናት። ከአዝማሪ ቤት የምታውቁትን አንዱን አነጋግራችሁ፣ ሦስት አራት ቤተሰብ አዋጥታችሁ ሳሎናችሁ ድረስ ብትጠሩት ገንዘቡም ከእጁ ይገባል።

በዚያ ምሽት የነበራችሁ የቴሌብር ማረጋገጫውንና ማስታወቂያውን አታጥፉ። እኔ የራሴን ይዤ ሰኞ ወደ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ፤ አብሮኝ ማመልከት የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።