ለጉዞ ቡድናችን ሹፌር የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ረጅሙን የሙዚቃ ዝግጅት ጉዟችንን አጠናቀን በሰላም ከገባን በኋላ የቡድናችን አባላት በአንድ ድምፅ አደራ ያሉኝ ነገር ቢኖር ሹፌራችንን በይፋ እንዳመሰግንላቸው ነው። አደራውን በደስታ ተቀብያለሁ፤ ለሌሎች አነስተኛ ቡድኖችም ጥቆማ እንዲሆን፣ እኚህ ሰው ሥራቸውን እንዴት እንደሚሠሩ ዘርዘር አድርጌ መጻፍን መርጫለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዲነሳ ስለማይፈልጉ በመንገድ ሁሉ እንደጠራናቸው ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ ዝግጅት የሚያቀርብ አነስተኛ ቡድን ኑሮው ምን እንደሚመስል የቀመሰው ያውቀዋል። ሰው ጥቂት ስለሆነ እያንዳንዱ ሁለትና ሦስት ሥራ ደርቦ ይይዛል፤ ድምፃዊው ኬብል ይጠቀልላል፣ የድምፅ ባለሙያው ሒሳብ ይይዛል፣ ከበሮ መቺው ከአዘጋጆች ጋር በስልክ ሲነጋገር ይውላል። ቀኑ በመንገድ ያልቃል፤ ሲደረስ ዕቃ ማራገፍ፣ መሣሪያ መዘርጋትና ድምፅ መፈተሽ ይመጣል፤ ከዝግጅቱ በኋላ ደግሞ ሌሊቱን ሁሉንም ነቅሎ እንደገና መጫን አለ። ድካሙ የሚጠራቀመውም ታዳሚው ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ባሉት ሰዓታት ውስጥ ነው።

ጋሼ ገና ሲቀጠሩ ያስቀመጡት አንድ ደንብ ታዲያ አንዳንዶቻችንን አላስደሰተም ነበር። ዕቃ አልሸከምም አሉ። ዝግጅቱ አልቆ ሁላችንም ላብ በላብ ሆነን ስፒከር ስንጎትት እርሳቸው በተሰጣቸው ክፍል ተኝተዋል፤ ከሰዓት በኋላም እኛ ድምፅ በምንፈትሽበት ጊዜ የመኪናውን ቁልፍ ኪሳቸው ከትተው፣ ማንም በራቸውን እንዳያንኳኳ አስጠንቅቀው ያርፋሉ። እጅ በሚያጥርበት ቡድን ውስጥ ይህ ምን የሚሉት ቅንጦት ነው ብሎ ያጉረመረመ ነበር። እኔ ግን ከዚህ ቀደም ቀኑን ሙሉ ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን የዋለ ሹፌር ሌሊት ሲነዳ አይቻለሁና ዝምታን መረጥኩ። አንድ ሰው 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ ሲቆይ ንቃቱና የእጁ ፍጥነት የሚቀንሰው፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል መሆኑን ጥናቶች አሳይተዋል። በሰዓት 80 ኪሎሜትር በሚሄድ መኪና ላይ ሹፌሩ ለ3 ሰከንድ ብቻ ቢያንቀላፋ መኪናው 67 ሜትር ገደማ የሚጓዘው ያለ ሹፌር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለከባድ መኪናና ለአውቶቡስ ሹፌሮች ያወጣው ደንብ 4 ሰዓት ተኩል የነዳ ሰው ቢያንስ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ ያስገድዳል፤ ጋሼ ግን ማንም ሳያስገድዳቸው ከዚያም ቀደም ብለው መኪናውን ያቆማሉ፣ ወርደው ይንጎራደዳሉ፣ እኛንም ያስወርዱናል። ከጎናቸው የሚቀመጥ ሰው መተኛት የለበትም፤ እንቅልፍ የመጣበት ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ንቁ የሆነው ይተካዋል። በዚህ ተራ ምክንያት በቡድኑ ውስጥ ከዚያ በፊት ያልተነጋገሩ ሰዎች እንኳ ተወያይተዋል፤ ይህ ግን ከሹፌሩ ሥራ ጋር የተያያዘ አይደለምና ልለፈው።

ዕቃ አይሸከሙም ስል ግን ስለ ጭነቱ ግድ የላቸውም ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን የመኪናውን ወለል በፕላስተር ከፋፍለው የእያንዳንዱን ሣጥን ቦታ ምልክት አደረጉበት። ከባዶቹ ስፒከሮችና ጀነሬተሩ ወለሉ ላይ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል እንዲቀመጡ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ቀላል ነገር ብቻ እንዲወጣ፣ መድረክ ላይ መጀመሪያ የሚፈለገው የኤሌክትሪክ ገመድ ደግሞ መጨረሻ እንዲጫን አዘዙ። ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ እየሳቡ ያያሉ፤ የላላ ካገኙ ማንንም ሳይቆጡ ፈትተው ያስሩታል። በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ያልታሰረ ሣጥን ወደ ፊት መወርወሩን እንደማያቆም፣ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ እንደሚሆን የነገሩን በዚህ ጊዜ ነው።

በተለይ ልጽፈው የፈለግሁት ግን ጋሼ በቆሙ ቁጥር የሚያደርጉትን ነው። መኪናው እንደቆመ ይወርዱና እየዞሩ የእጃቸውን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ ጎማ መሃል አስጠግተው ሙቀቱን ያነጻጽራሉ። አንድ ቀን እንዲሁ ሲዞሩ የኋላውን የግራ ጎማ ሁለት ጊዜ ተመልሰው ዳሰሱት፤ ከሌሎቹ ይልቅ ይፋጅ ነበር። ኩሽኔታው፣ ማለትም ጎማው ያለ ችግር እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ክፍል፣ ሳይበላሽ እንዳልቀረ ነገሩንና ከዚህ በኋላ በዚህ መኪና አልነዳም አሉ። የዕለቱ ዝግጅት አዘጋጅ ደግሞ በስልክ ይጮህ ነበር፤ ቀስ ብላችሁ ድረሱ፣ ታዳሚው ይጠብቃል፣ ውሉ ይፈርሳል ይላል። ጋሼ ስልኩን ከእኔ ተቀብለው፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «ሰዎቹን በሕይወት ላድርስልዎት፤ ሰዓቱን ግን ቃል አልገባም» አሉትና ስልኩን መለሱልኝ። መካኒክ ተጠርቶ ጎማው ሲፈታ ኩሽኔታው ተፈጭቶ ነበር። ዝግጅቱ ዘግይቶ ተጀመረ፣ አዘጋጁም ከክፍያችን ላይ ቀነሰ። በዚያ ቁጣ ፊት እንዲህ የሚጸና ሹፌር ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ብዙዎቹ ለቀጣሪው ይሉኝታ ሲሉ ይነዳሉ።

ቁልቁለት ሲገጥማቸው ፍሬን ላይ ብቻ ሳይመኩ ማርሽ ቀንሰው መኪናውን በሞተሩ ኃይል እየያዙ እንደሚወርዱ፣ ጎማ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት ሄደው ቡሎኖቹን ዳግመኛ እንደሚያጠብቁ፣ የጎማ አየር የሚለኩት ገና ሳይሞቅ በጠዋት እንደሆነ መጥቀሱ ለሚያውቅ ሰው በቂ ነው።

ጥቆማዬ ሐቀኛ እንዲሆን የማይመቹ ነገሮችንም ልናገር። ጋሼ ጨዋታ አይወዱም፤ መኪና ውስጥ ሙዚቃ የሚከፈተው እርሳቸው በፈቀዱበት ጊዜና መጠን ነው፣ ይህም ለሙዚቀኞች ቀላል ቅጣት አይደለም። በመጨረሻ ሰዓት የሚቀየር ፕሮግራም አይቀበሉም። ክፍያቸውም ከሌሎች ሹፌሮች ከፍ ይላል፤ ለብቻቸው የመኝታ ክፍል እንዲያዝላቸውም በውሉ ላይ ያጽፋሉ። በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚሰረዘው ይህ ክፍል መሆኑን አውቃለሁ፤ በእኔ አስተያየት ከማስታወቂያው ወይም ከመድረክ ልብሱ ቢቀነስ ይሻላል።

ረጅም ጉዞ ያሰባችሁና ጥቂት ሰው ይዛችሁ የምትንቀሳቀሱ ቡድኖች በውስጥ መስመር ብትጽፉልኝ ጋሼን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትጽፉ የምትሄዱባቸውን ከተሞችና የዝግጅቶቹን ሰዓት፣ የዕቃውን ክብደትና የመኪናውን ዓይነት አስቀድማችሁ ግለጹልኝ፤ ክብደቱን አሳንሳችሁ ብትነግሯቸው ግን በመጀመሪያው ጠዋት ሣጥኖቹን አስወርደው እንደገና ያስመዝኗችኋል።