ታስካም ዲአር-05ኤክስ ወይስ ዙም ኤች1 ኢሴንሻል? በእጅ የሚያዝ የድምፅ መቅጃ ለሚገዙ

«ለቃለ መጠይቅና ለትረካ የሚሆን ትንሽ መቅጃ ልገዛ ነው፤ የቱ ይሻላል?» ወዳጆች ይህን ደጋግመው ይጠይቃሉ። መልሱን ላስቀድም። ሥራችሁ በዋናነት የሰው ንግግር ከሆነ ታስካም ዲአር-05ኤክስን ግዙ። ድምፁ ሳይታሰብ ከፍ ዝቅ የሚልበት ቦታ የምትቀርጹ ከሆነ ዙም ኤች1 ኢሴንሻል ይሻላችኋል። የኤክስኤልአር (ባለ ሦስት እግር የማይክ) መሰኪያ ያላቸውን ትልልቆቹን፣ ዙም ኤች4ኤን ፕሮንና ታስካም ዲአር-40ኤክስን፣ ጥሩ ማይክ ቀድሞ በእጁ ያለው ሰው ይግዛቸው። ስም የለሾቹን ርካሽ መቅጃዎች ግን በነፃ ብታገኟቸው እንኳ ለሥራ አትመኗቸው።

ከነዚህ ከመጨረሻዎቹ ልጀምር፤ ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። እስክሪብቶ ወይም ፍላሽ ይመስላሉ፣ ካርቶናቸው ላይ «1536 ኪሎቢት» በትልቁ ተጽፏል። ሒሳቡ ሲሠራ በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ በ16 ቢት፣ በ2 ቻናል 1,536,000 ቢት ይሆናል። ይህ በዚህ ልክ የተቀረጸ ማንኛውም ተራ ዌቭ (ያልታመቀ የድምፅ) ፋይል ያለው መጠን ነው፤ ስለ ማይኩ ጥራት አንዳች ነገር አይነግራችሁም። አንዳንዶቹ «ስቴሪዮ» እያሉ ያላቸው አንድ ማይክ ነው፤ ያንኑ ድምፅ በግራም በቀኝም ይደግሙታል። ለማጣራት ፋይሉን ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ የድምፅ ኤዲቲንግ ፕሮግራም ላይ ክፈቱና ስቴሪዮውን ለሁለት ሞኖ ትራክ ክፈሉት። አንዱን በኢንቨርት ገልብጡ፣ ከዚያ ሁለቱን አንድ ላይ ቀላቅሉ። የቀረው ሙሉ ዝምታ ከሆነ ማይኩ አንድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ፍተሻ በስፔክትሮግራም ነው፤ ድምፁ ውስጥ ያሉትን ቀጭንና ወፍራም ድምፆች በምስል የሚያሳየው ማለት ነው። «ስ» እና «ሽ» የሚባሉበትን ቦታ እዩ። ከ8 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለው ክፍል በቢላ እንደተቆረጠ ጨለማ ከሆነ ድምፁ የተወሰደው በ16 ኪሎኸርትዝ ነው፤ 48 የሚለው ፋይሉ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የማይጠፋው አውቶማቲክ የድምፅ ማስተካከያ ነው። ተናጋሪው ዝም ሲል መሣሪያው ራሱ ድምፁን ከፍ ያደርግና የማራገቢያውንና የመንገዱን ጫጫታ ይስባል፤ ሰውየው ሲቀጥል የመጀመሪያው ቃል ይፈነዳል። ኤዲት ላይም መፍትሔ የለውም። ጫጫታ መቀነሻው አንድ ወጥ የሆነ የጫጫታ ናሙና ይፈልጋል፤ እዚህ ግን ጫጫታው በየቃሉ መካከል መጠኑን ይቀይራል።

አሁን ወደ ሁለቱ ዋና ተፎካካሪዎች። ዋጋቸው ተቀራራቢ ስለሆነ የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ይዞ መከራከር አያዋጣም፤ ከገዙት በኋላ የሚያስወጡትን ቁጠሩ። ታስካሙ የሚሠራው በሁለት ዳብል ኤ ድንጋይ ነው፣ ዙሙ በሁለት ትሪፕል ኤ። ጥሩ የሚሞላ የኒኬል ዳብል ኤ ወደ 2,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል፤ ትሪፕል ኤው 800 ገደማ ነው። ሁለቱን በአንድ ቻርጀር ሞልታችሁ ብትወጡ ታስካሙ ቀኑን ሙሉ ሲያውላችሁ ዙሙ ከሰዓት በኋላ ቅያሪ ይጠይቃል። ስለዚህ ለታስካም አራት የሚሞሉ ድንጋዮች ይበቃሉ፤ ለዙም ስድስት ወይም ስምንት አስቡ። የሚሞላ ድንጋይ ስትጠቀሙ ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ የባትሪውን ዓይነት ከአልካላይን ወደ ኒኬል ቀይሩ። አለበለዚያ በ1.2 ቮልት የሚሠራውን ድንጋይ መሣሪያው እንዳለቀ ይቆጥረዋል፤ ጠቋሚውም አያስተማምንም።

በዚያ ላይ ሜሞሪ ካርድና የንፋስ መከላከያ ጨምሩ። ስፖንጅ ለቤት ውስጥ ትንፋሽ ይሆናል፤ ደጅ ለመቅረጽ ፀጉራሙ የግድ ነው። ንፋስ የመታው ቀረጻ በኋላ አይጸዳም።

ለንግግር ታስካሙን የማስቀድመው በማይኮቹ ምክንያት ነው። ማይኮቹ ከሁሉም አቅጣጫ የሚሰሙ ስለሆኑ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎችን እኩል ይይዛሉ፤ ንፋስና በእጅ ሲነካኩት የሚሰማው ኳኳታም በአንጻሩ ይቀንስባቸዋል። ዙሙ ላይ ያሉት ሁለቱ ማይኮች በ90 ዲግሪ ተሻግረው የተተከሉ አቅጣጫ መራጮች ናቸው። የሙዚቃ ቡድን ፊት ስታስቀምጡት ግራና ቀኙ ቁልጭ ብሎ ይሰማል፤ ከጎን ወይም ከኋላ የተቀመጠ ተናጋሪ ግን ይርቃል። የታስካሙ ድክመት ክፍሉን ጭምር መስማቱ ነው። ባዶ ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ ከአፍ 20 ሳንቲሜትር ያህል አቅርቡት፣ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን፣ ከሥሩም የታጠፈ ጨርቅ አድርጉ። የድምፁ ጫፍ ከ‑12 ዴሲቤል አካባቢ እንዳያልፍ አስተካክሉና ወፍራሙን ጉርምርምታ የሚቆርጠውን ሎው ከት 80 ኸርትዝ ላይ አድርጉት።

ዙሙ የሚበልጥበት ትልቁ ነገር 32 ቢት ፍሎት ነው፤ በጣም ከፍተኛውንም በጣም ዝቅተኛውንም ድምፅ ሳይቆርጥ የሚይዝ የአቀራረጽ ዘዴ ነው። የድምፅ መጠን ማስተካከል የለም፤ ቀርጻችሁ ኋላ ኤዲት ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ብቻውን ለሚሠራ፣ ጠቋሚውን ለማየት ጊዜ ለሌለው ሰው ይህ ትልቅ እረፍት ነው። ሆኖም ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ማይኩ ራሱ የሚችለው 120 ዴሲቤል ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ማይኩ ላይ የተበላሸውን ድምፅ ፍሎትም አይመልሰውም። ሁለተኛ፣ የሚቀርጸው በዌቭ ብቻ ነው። በስቴሪዮ በ48 ኪሎኸርትዝ በሰዓት 1.4 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፣ ፋይሉን የማያጫውቱ ስልኮችም አሉ። ቀረጻውን ወዲያው በስልክ ለሌላ ሰው የሚልክ ሁሉ በቅድሚያ መቀየር አለበት። ታስካሙ በ24 ቢት 1 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ ከፈለጋችሁ በኤምፒ3ም ይቀርጻል። ፍሎቱንም ዳብል ኤውንም የሚፈልግ ሰው ዲአር-05ኤክስፒ የሚባለውን ታናሽ ወንድሙን ይይ፤ ዋጋው ካልራቀ እሱ ይሻላል።

መሣሪያው ላይ ኤዲት ስለማድረግ ብዙ ይወራል። ታስካሙ ፋይል ይከፍላል፣ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገርም ላዩ ላይ ደግማችሁ እንድትቀርጹ ይፈቅዳል፤ ትረካ ለሚያነብ ይህ በጣም ይጠቅማል። ከዚያ ያለፈውን በትንሿ ስክሪን አትሞክሩት። ዋናውን ፋይል ወደ ኮምፒውተር ገልብጡ፣ ኤዲት የምታደርጉት ቅጂውን ይሁን። ቀረጻ ስትጀምሩ ማንም ሳይናገር 10 ሰከንድ የክፍሉን ድምፅ ያዙ፤ ለጫጫታ መቀነሻው ናሙና የሚሆነው እሱ ነው፣ ቆርጣችሁ ያወጣችሁትን ቦታ የሚሞላውም እሱ ነው።

ትልልቆቹን በአጭሩ። ዋጋቸው ከትንሾቹ እጥፍ ገደማ ነው፤ ማይክ፣ ኬብልና ማቆሚያ ሲጨመር በቀላሉ ሦስት እጥፍ ያልፋል። ከመቅጃው ኤሌክትሪክ ለሚፈልገው ኮንደንሰር ማይክ 48 ቮልት ስታበሩ ድንጋዩ ቶሎ ያልቃል። ዲአር-40ኤክስ ያንኑ ድምፅ ዝቅ ባለ መጠን በሁለተኛ ፋይል መቅረጽ መቻሉ ደስ ይላል። ኤች4ኤን ፕሮ በ2016 የወጣ ነው፤ ከ32 ጊጋባይት በላይ ካርድ አይቀበልም።

ፎርጅድ ካርድ ከመቅጃው ይልቅ ብዙ ሥራ አጥፍቷል። 128 ጊጋባይት ተብሎ ይሸጣል፣ ውስጡ ግን 8 ይሆናል። 8ቱ እስኪሞላ ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ከዚያ በኋላ የፋይሉ ስምና ርዝመት ይታያል፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው ወይም የድሮውን ደምስሶታል። በዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ በሊኑክስና በማክ ኤፍ3 የሚባሉት ነፃ ፕሮግራሞች ካርዱን ሙሉ በሙሉ ጽፈው መልሰው ያነቡታል። የተገዛ ዕለት ፈትሹት፣ ከዚያ መቅጃው ውስጥ ፎርማት አድርጉት።

ጥገና ላይ ቶሎ የሚሄደው 3.5 ሚሊሜትሩ መሰኪያ ነው። በቀጥታ ቦርዱ ላይ የተበየደ ስለሆነ ረጅም ጃክ ሲንጠለጠልበት ብየዳው ይሰነጠቃል፣ አንዱ ጎን እየመጣ እየሄደ ይሰማል። አጭርና ጎንበስ ያለ ጃክ ተጠቀሙ። የስልክ ክራባት ማይክ ደግሞ ሦስት ጥቁር ቀለበት አለው፤ መቅጃው የሚፈልገው ሁለት ቀለበት ያለውን ነው፣ አለዚያ ዝምታ ወይም ጉርምርምታ ነው የምታገኙት። ያገለገለ ስትገዙ የድንጋይ ቤቱን ክፈቱ። ስፕሪንጉ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝገት ካለ ድንጋይ ፈስሶበታል። ዝገቱ ላይ ላዩን ከሆነ በኮምጣጤ የራሰ ጥጥ አሽታችሁ በአልኮል ታደርቁታላችሁ፤ ወደ ቦርዱ ከገባ ግን ዋጋ አስቀንሶም መግዛቱ አያዋጣም።

በቀረጻ መሐል ድንጋይ አልቆ 0 ሰከንድ የሚያሳይ ፋይል ከቀረላችሁ አትደምስሱት፣ ካርዱም ላይ ሌላ አትቅረጹ። ድምፁ ብዙውን ጊዜ አለ፤ ያልተጻፈው ርዝመቱን የሚናገረው የፋይሉ መግቢያ ነው። መጠኑ በሜጋባይት የሚታይ ከሆነ ኦዳሲቲ ላይ «ኢምፖርት ሮው ዳታ» በሚለው አስገቡት፦ 24 ቢት ፒሲኤም፣ ሊትል ኢንዲያን፣ ስቴሪዮ፣ 48,000። ለዙሙ 24 ቢት በሚለው ቦታ 32 ቢት ፍሎትን ምረጡ። ከንግግር ይልቅ የጫጫታ ውሽንፍር ከመጣ የ«ስታርት ኦፍሴት»ን ቁጥር አንድ አንድ እየጨመራችሁ እንደገና ሞክሩ።