የወፍ ማጠጫ ጠርሙስ፦ መቆሚያ ያለውን ብቻ ግዙ

በሱሉልታ፣ በቡራዩና በለገጣፎ ሰፋ ያለ ግቢ ላላቸው ሰዎች የሚቀርበው፣ ተገልብጦ የሚሰቀለው ባለ ቀይ ሳህን የስኳር ውሃ ማጠጫ ሁለት ዓይነት ነው፤ በሳህኑ ዙሪያ ወፏ እግሯን የምታሳርፍበት መቆሚያ ያለውና የሌለው። የሌለውን አትግዙ።

መቆሚያ አልባው የተሠራው ለሃሚንግበርድ ነው። እነዚህ ወፎች ያሉት በአሜሪካ አህጉሮች ብቻ ሲሆን፣ የሚጠጡት ክንፋቸውን እያርገበገቡ አየር ላይ ቆመው ነው። ከመካከላቸው በኩባ ብቻ የምትገኘው 2 ግራም ገደማ የምትመዝን ናት፤ በዓለም ላይ ከእሷ የምታንስ ወፍ የለችም። የእኛዎቹ አበባ ቀሳሚዎች ግን የሌላ ቤተሰብ ናቸው። ለአፍታ አየር ላይ ቢንሳፈፉም፣ ደህና አድርገው የሚቀስሙት ቅርንጫፍ ጨብጠው ነው። በተከዜ ስም የሚጠራው፣ ወይን ጠጅ የሚያብለጨልጨው ባለ ረጅም ጅራት ወንድ አበባ ቀሳሚ በተለይ እግሩን የሚያሳርፍበት ካጣ ትቶት ይሄዳል።

ሁለተኛው ፈተና ማንጠባጠብ ነው። ውሃው ተገልብጦ የማይፈሰው የውጭው አየር ግፊት ስለሚደግፈው ነው። ጠርሙሱ ሲጎድል ውስጡ አየር ይታፈናል፤ ይህ አየር በፀሐይ ሲሞቅ ይሰፋና ውሃውን በቀዳዳዎቹ ገፍቶ ያስወጣዋል። ጠዋቱ ብርድ፣ ቀትሩ ፀሐይ በሆነበት በአዲስ አበባ ዙሪያ ይህ በየቀኑ ይደርሳል። ስለዚህ ትልቅ ጠርሙስ በግማሽ ከመሙላት ትንሹን ሞልቶ ጥላ ውስጥ መስቀል ይሻላል። ሲገዛም አፉ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት መኖሩ ይታይ።

ልኩ 1 ኩባያ ነጭ ስኳር ለ4 ኩባያ ውሃ ነው፤ አፍልቶ ማቀዝቀዝ። ቀለም አያስፈልግም፤ የሳህኑ ቅላት ይበቃል። ማር ፈጽሞ አይግባ፤ ብርዝ ሲያድር እንደሚቦካ ጠጅ የሚጥል ሁሉ ያውቀዋል፣ የቦካውና የሻገተው ደግሞ ወፎቹን ያሳምማል። የስኳሩም ውሃ ቢሆን በበጋ ከ3 ቀን በላይ አይቆይ። በክረምት ዝናብ ስለሚያቀጥነው ክዳን ይሠራለት። ጥቁር ሻጋታ የሚይዘው ቀዳዳዎቹን ነው፤ በሙቅ ውሃ፣ በጥቂት አቼቶና በቀጭን ብሩሽ ይታጠባል። ሳህኑ የማይፈታ ከሆነ በደንብ ማጽዳት ስለማይቻል እሱንም መተው ነው።

ለጉንዳን በመስቀያው ሽቦ ላይ ውሃ የሚይዝ ትንሽ ጽዋ ይበቃል። ግራሶ የሚቀቡ አሉ፤ ላባ ላይ ከተጣበቀ ስለማይለቅ ወፏን ይጎዳታል። ንብ ከበዛ ቀዳዳው ላይ ያሉት ቢጫ የፕላስቲክ አበቦች ይውለቁ፣ ቢጫ ንብ ይጠራልና።

አንድ ወንድ ወፍ ጠርሙሱን ይዞ ሌላውን ወፍ ሁሉ ሊያባርር ይችላል። መፍትሔው ሁለተኛ ጠርሙስ ከቤቱ ጀርባ፣ ከመጀመሪያው በማይታይበት ቦታ መስቀል ነው።

ቦታ ላለው ሰው ግን እሬት፣ ራስ ክምርና ቆርች መትከል ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣል፤ አበባው ወለላውንም ነፍሳቱንም ያመጣል። ጫጩቶቹ የሚያድጉት በነፍሳት ስለሆነ፣ ማጠጫ በተሰቀለበት ግቢ ፀረ ተባይ አይረጭ።