ጉማሬ ለማቅለም፦ ክራዮን ወይስ የውሃ ቀለም?

ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ክራዮን (ከሰም የተሠራ የቀለም እርሳስ) ይሻላል፤ አያከራክርም። ባለ 80 ግራም ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ይበቃዋል፣ የሚደፋ ውሃም የለም። ክራዮኑን ለሁለት ሰብሮ መስጠት ነው፤ አጭሩ ለትንሽ ጣት ይመቻል። የሚያስቸግረው ቅደም ተከተሉ ነው። የጉማሬ ቆዳ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ግራጫ ሲሆን በዓይኑ ዙሪያ፣ በጆሮውና በሆዱ ሥር ሮዝ ይላል። ልጁ ግራጫውን ቀድሞ ጫን አድርጎ ከቀባ ሰሙ ወረቀቱን ስለሚሸፍን ሮዙ ከላይ አይዝም። ስለዚህ ሮዙ ይቅደም፣ ግራጫው በስሱ ይከተል።

የውሃ ቀለም ስድስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ልጅ ነው። የጫሞ ወይም የጣና ጉማሬ ቀን ቀን በአብዛኛው የሚታየው ዓይኑ፣ ጆሮውና አፍንጫው ብቻ ከውሃ ወጥቶ ነው፤ ያን ሐይቅ በክራዮን መሙላት ልጁን ያሰለቸዋል፣ በብሩሽ ግን ወዲያው ያልቃል። ወረቀቱ 200 ግራም ገደማ ይሁን፤ ስሱ ይጨማደዳል፣ ብሩሽ ሲመላለስበትም ይላጣል። ጥቁርን በውሃ ማቅጠን ደብዛዛ ግራጫ ይሰጣል፤ ሰማያዊና ቡናማ መደባለቅ ይሻላል። የሮዙን ቦታ ባዶ ትቶ፣ ግራጫው ሲደርቅ መሙላት ነው። እርጥብ እያለ ከተነካ ይዋሃዳል።

ማጣመርም ይቻላል፦ ጥርሱን በነጭ ክራዮን ጠበቅ አድርጎ ቀብቶ አፉን በሮዝ የውሃ ቀለም ማልበስ። ሰም ውሃ ስለማይቀበል ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል።